በራሴ ጥፋት የተመሰገንኩበት ሳምንት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ሰው ሊሞትብን ስለነበረ ብቻ አይደለም። ሰውየው ከተረፉ በኋላ የምስጋና ደብዳቤ የተጻፈው ለኔ ስለነበረ ነው።

ሰናይት እባላለሁ። ጉለሌ ውስጥ በአንድ የግል የሕክምና ምርመራ ማዕከል እሠራለሁ። በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የኮምፒውተር ሲስተም ባለሙያ ይላል። በተግባር ግን ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ የኔ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ እጠራለሁ። የሠራተኞች ክፍል ውስጥ ያለው የውሃ ማፍያ ሲበላሽም እጠራለሁ።

ዋናው ሥራዬ የሲቲ ስካን ፎቶዎች ሳይጠፉ እንዲቀመጡና ሐኪም ሲፈልጋቸው እንዲከፈቱ ማድረግ ነው። ፎቶዎቹ ያሉት ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሦስት ሰርቨሮች ላይ ነው። ፎቶዎቹን ለሐኪሞቹ የሚያቀርበው ኮምፒውተር ራሱ በእጅ የሚነካ ዕቃ አይደለም። በሰርቨሮቹ ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ፣ እኛ ቨርቹዋል ማሽን የምንለው ነው። ዲስኩም አንድ ቦታ ላይ የለም። እያንዳንዱ ፎቶ ይቆራረጥና ቁርጥራጮቹ በሦስቱም ሰርቨሮች ላይ በቅጂ ይቀመጣሉ። አንዱ ሰርቨር ቢበላሽ የቀሩት ሁለቱ ሥራውን ይቀጥላሉ። ፎቶ ሲከፈት ግን አንዱ ቁራጭ ከአንደኛው፣ ሌላው ከሁለተኛው፣ ሌላው ከሦስተኛው ሰርቨር በኔትወርክ ኬብል እየመጣ ነው የሚገጣጠመው። ይህን ያህል ከተረዳችሁ ሌላው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ያማረሩት ዶክተር ሙሉነሽ ናቸው። ፎቶ የሚያነቡልን ዋናዋ ሐኪም እሳቸው ናቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ደውለው ፎቶ ለመክፈት ብዙ ጊዜ እየወሰደባቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ምን ያህል እንደሚወስድ ጠየቅኳቸው።

"ቁርሴን በልቼ እጨርሳለሁ" አሉ።

ሄጄ የትናንትን አንድ ፎቶ ከፈትኩ። ወዲያው ተከፈተ። እሳቸውም አዩ፣ እኔም አየሁ። በሳምንቱ እንደገና ደወሉ። ኮምፒውተራቸው አርጅቷል ብዬ በአዲስ ቀየርኩላቸው። አዲሱም እንደ አሮጌው ቆመ። ከዚያ ማውሱን ቀየርኩ። ማውስ ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው አውቃለሁ፤ ግን ባዶ እጄን መመለስ አልፈለግኩም።

ቀጥሎ ፎቶዎቹ የሚቀመጡበትን ማከማቻ ፈተሽኩ። ቨርቹዋል ማሽኑ ላይ ትልቅ ፋይል ጻፍኩ። ፈጣን ነበር። የጻፍኩትን ፋይል መልሼ አነበብኩ። ከመጻፉም ይበልጥ ፈጠነ። ውጤቱን በቀለም ግራፍ አድርጌ ሠራሁና ማከማቻው ጤነኛ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ማከማቻው ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ የሰው መሆን አለበት። ሰውም አገኘሁ።

ይድነቃቸው የሲቲ ስካን ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ነው። ጠንቃቃ ስለሆነ ከሌሎቹ ባለሙያዎች ይልቅ ለአንድ ታካሚ ብዙ ፎቶ ያነሳል። ቅሬታ የመጣባቸውን ሰዓቶች ስመለከት በአብዛኛው እሱ ፎቶ የሚልክባቸው ሰዓቶች ሆነው አገኘኋቸው። ማሽኑ የሚሠራው በሥራ ሰዓት ነው፤ ዶክተር ሙሉነሽም የሚያማርሩት በሥራ ሰዓት ነው። ይህ ያኔ አልታየኝም።

በወሩ ስብሰባ ላይ ግራፌን ይዤ ቀረብኩ። ማከማቻው ምንም እንደሌለበት፣ መዘግየቱ የሚመጣው ይድነቃቸው ከሚልከው የፎቶ ብዛት እንደሆነ አስረዳሁ። ግራፉን የተረዳው ሰው ስላልነበረ የተጠራጠረውም አልነበረም። ይድነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ፎቶዎቹ ለዶክተር የማይጠቅሙ ከሆነ ይነገረኝ አለ። ዶክተር ሙሉነሽ እንደሚጠቅሟቸው ተናገሩ። ሥራ አስኪያጃችን ግን ጉዳዩ የቴክኒክ ነው፣ ባለሙያዋ ተናግራለች ብለው ይድነቃቸው ለጊዜው ከሲቲው ተነስቶ እንግዳ መቀበያ ላይ ካርድ እንዲያወጣ ወሰኑ። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ገባ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ዕለት ይድነቃቸው ቢሮዬ በር ላይ መጥቶ ቆመ። አልተቆጣም። ትናንት እሁድ ዶክተር ሙሉነሽ ተረኛ ሆነው የድሮ ፎቶ አልከፈት ብሏቸው እንደነበር፣ ለኔም እንደደወሉልኝ ሰምቷል። እውነት ነው ደውለው ነበር፤ ቸርች ስለነበርኩ ስልኬን ያነሳሁት ዘግይቼ ነው።

"እሁድ ሲቲው ጥገና ላይ ነበር" አለኝ። "አንድም ፎቶ አልተነሳም። እኔም ቤቴ ነበርኩ።"

አየዋለሁ አልኩት። በኛ ሙያ አየዋለሁ ማለት እባክህ ሂድልኝ ማለት ነው። እሱም ሄደ። እኔም አላየሁትም። ባየው የተናገርኩት ሁሉ ውድቅ እንደሚሆን አንድ የውስጥ ስሜት ይነግረኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ኑሬ መጡ።

ጋሽ ኑሬ ቀጨኔ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባና ሁለት ጎረቤቶች ደግፈው ነው ያስገቧቸው። ከትናንት ጀምሮ ንግግራቸው ይንተባተባል፤ የያዙት ነገር ከእጃቸው ይወድቃል። ከስምንት ወር በፊት ዕቃ ለማውረድ ሲሉ ከመሰላል ወድቀው እኛ ጋ ተመርምረው ነበር። ያኔ ጭንቅላታቸው ውስጥ ትንሽ የደም መፍሰስ ታይቶ፣ በክትትል ይታያል ተብለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

አዲሱ ፎቶ ተነሳና ለዶክተር ሙሉነሽ ደረሰ። ወዲያው ተከፈተ። ደም አለ። ጥያቄው ይህ የድሮው ነው ወይስ ጨምሯል የሚለው ነበር። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሌላ ሆስፒታል ናቸው፤ በስልክ መስመር ላይ ሆነው መልስ እየጠበቁ ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ለሌላ ታካሚ ሊያዝ ስለሆነ ቶሎ ማወቅ ፈልገዋል። የድሮው ሪፖርት በጽሑፍ አለ፤ ነገር ግን "ትንሽ" ነው የሚለው። ዶክተር ሙሉነሽ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ማየት ፈለጉ።

ደወሉልኝ። "ሰናይት፣ የዛሬው ተከፍቷል፤ የስምንት ወሩ ቆሟል። አሁን ነው የምፈልገው" አሉኝ።

ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። በራቸው አጠገብ እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። ስሮጥ ስላዩኝ ሐኪም መስያቸው ያዙኝ።

"ልጄ፣ ምኑን ነው የምንጠብቀው?"

"የድሮውን ፎቶ ኮምፒውተሩ እየፈለገው ነው" አልኳቸው።

"ጠፋ እንዴ?"

"አልጠፋም፣ እትዬ።"

"ካልጠፋ ታዲያ ምን ያስፈልገዋል?"

እጃቸውን በቀስታ አላቀቅኩ። ገባሁ።

ስክሪኑ ላይ ከሦስት መቶ በላይ ከሆኑት ፎቶዎች አሥራ ሰባቱ መጥተዋል። ሌላ ሦስት መጣ። ቆመ። ዶክተር ሙሉነሽ ስልኩን በትከሻቸው ደግፈው ስክሪኑን ያያሉ፤ እኔን አያዩኝም። አንድ ተጨመረ። እንደገና ቆመ።

እዚያ ቆሜ ስክሪኑን ሳይ ነው የገባኝ። የዛሬው ፎቶ ይፈጥናል፤ የትናንቱም ይፈጥናል። የስምንት ወሩ ይቆማል። እሁድ ማሽኑ ጠፍቶ እያለም የድሮው ቆሟል። የኔስ ፈተና? እኔ የጻፍኩትን ፋይል ወዲያው ነው መልሼ ያነበብኩት። ኮምፒውተር አሁን የነካውን ነገር ሜሞሪ በምንለው ጊዜያዊ ማስታወሻው ይይዘዋል፤ ሲጠየቅ ከማስታወሻው ነው የሚሰጠው እንጂ ዲስክ ድረስ አይሄድም። እኔ ማከማቻውን ሄዶ ማምጣት ያለበትን ነገር አንድም ጊዜ አልጠየቅኩትም። በዚያ ግራፍ ነው ሰው ከሥራ ቦታው ያስነሳሁት።

ለዶክተር ሙሉነሽ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

የድሮ ፎቶ እንዲነበብ አዘዝኩና ሦስቱ ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው ለመመለስ ምን ያህል እንደሚፈጅባቸው ተመለከትኩ። አንደኛው ፈጣን ነው። ሦስተኛውም ፈጣን ነው። ሁለተኛው ይመልሳል፣ ይቆማል፣ ይመልሳል፣ ይቆማል። ዲስኩን አየሁት፤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ስለዚህ ችግሩ ዲስኩ አይደለም፤ መንገዱ ነው። በኔትወርኩ የሚያልፈውንና የሚበላሸውን የሚመዘግበውን ቆጣሪ ከፈትኩ። ወደ ሁለተኛው ሰርቨር የሚገባው ንጹሕ ነው። ከእሱ የሚወጣው ግን እየተበላሸ ይደርሳል። የተበላሸው ይጣልና እንደገና ይላካል፤ እሱም ይበላሻል። ቁጥሩ እያየሁት ይጨምራል።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ግልጽ ሆነ። መጻፍ የሚፈጥነው ሲጻፍ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ማንበብ የሚቆመው ሲነበብ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ነው። ከእያንዳንዱ የድሮ ፎቶ አንድ ሦስተኛው በዚያ መንገድ ይመጣል፤ የቀረው ሁለት ሦስተኛ ደርሶ እሱን ይጠብቃል። ምንም የተሰበረ ነገር ስለሌለ ማንም ማስጠንቀቂያ አልሰጠም።

የስልኬን መብራት አብርቼ ከሰርቨሮቹ ጀርባ ገባሁ። የሁለተኛው ሰርቨር ኬብል ላይ ነጭ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። "ሰርቨር 2" ይላል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

ከሦስት ወር በፊት መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹን የሚይዝ አዲስ ባትሪ ሲገባ ቦታ ለማስለቀቅ ሰርቨሩን አንድ መደርደሪያ ዝቅ አድርጌው ነበር። የነበረው ኬብል አጠረ። ከተረፈ ጥቅል ላይ ቆርጬ፣ ኮኔክተሩን በሁለቱም ጫፍ ራሴ ገጥሜ አዲስ ሠራሁ። ስሰካው አረንጓዴ መብራት በራ። መብራት ከበራ አለቀ ብዬ ወጣሁ። ዶክተር ሙሉነሽ ማማረር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን አንድም ቀን አላገናኘኋቸውም።

ሌላ ኬብል ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። ሁለተኛው ሰርቨር ከወጣ የቀሩት ሁለቱ ሥራውን እንደሚቀጥሉ አውቃለሁ፤ እንዲህ ተብሎ ነው የተሠራው። ቢሆንም በሥራ ሰዓት፣ ሆን ብዬ፣ በእጄ ነቅዬው አላውቅም። ጌታ ሆይ እርዳኝ አልኩና ነቀልኩት።

ለጥቂት ሰኮንዶች ሁሉም ነገር ቆመ። እነዚያ ሰኮንዶች ረጅም ነበሩ። ከዚያ የቀሩት ሁለቱ ሰርቨሮች የተነቀለውን ድርሻ ተቀብለው መመለስ ጀመሩ።

ስወጣ ፎቶዎቹ ሁሉም መጥተው ነበር። ዶክተር ሙሉነሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ጥቂት ተመለከቱና ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

"ጨምሯል" አሉ። "ከእጥፍ በላይ። አንጎሉን ወደ ጎን ገፍቶታል። አሁን እንልካቸዋለን።"

አምቡላንስ እንዲጠራ ለመናገር ወደ መቀበያው ሮጥኩ። አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል፤ የኋላ በሩ ተከፍቷል። ይድነቃቸው ጋሽ ኑሬ ሲገቡ ሁኔታቸውን አይቶ ማንም ሳያዘው ነው የጠራው። አልጋውን ከሁለት ነርሶች ጋር እየገፋ በአጠገቤ አለፈ። ሲያልፍ እጄን አየ። ለካስ ኬብሉን ይዤው ነው የወጣሁት፤ ነጭ ፕላስተሩ ተንጠልጥሏል። አልጋውን ወደ አምቡላንሱ መግፋቱን ቀጠለ።

ጋሽ ኑሬ የዚያኑ ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ተረፉ። ሐኪሙ በኋላ ለዶክተር ሙሉነሽ እንደነገሯቸው፣ ከዚያ በላይ ቢዘገዩ የሚያስፈራ ነበር።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጃችን ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ባልተጠበቀ የኬብል ብልሽት የተፈጠረውን ችግር ፈጥና በመፍታት የሰው ሕይወት ለታደገችው ባልደረባችን ብለው የምስጋና ደብዳቤ አነበቡ። ማኅተም አለው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ይድነቃቸውም አጨበጨበ፤ ከሌላው ሳያንስም ሳይበልጥም። እኔ ደብዳቤውን ተቀብዬ አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። የዚያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር።

ዓርብ እናገራለሁ አልኩ። ዓርብ አልተናገርኩም። ቅዳሜና እሁድን ለራሴ ምክንያት ስሰበስብ ዋልኩ። ኬብል ይበላሻል፤ ማንም ሊሳሳት ይችላል፤ ለማንኛውም ሰውየው ድነዋል። እሁድ ቸርች ከጎኔ የተቀመጠችው እህት አንቺ ዛሬ ምን ሆነሻል አለችኝ። ጨጓራዬን ነው አልኳት። በከፊል እውነት ነበር።

ሰኞ ጠዋት በቀጥታ ወደ መቀበያው ሄድኩ። ይድነቃቸው ለአንዲት ሴት ካርድ እያወጣ ነበር። እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ኬብሉን የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ጽሑፍሽን አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ ተናግሬ ነበር። ቢሮሽም መጥቼ ነግሬሻለሁ" አለኝ። ቀጥሎ ወረፋ የያዘውን ሰው ጠራ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ኬብሉን ማን እንደሠራው፣ ፈተናዬ ምኑ ላይ እንደተሳሳተ፣ ይድነቃቸው ምንም እንዳላጠፋ፣ እሁድ ስለነበረውም ነግሮኝ ችላ እንዳልኩት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ላይ ነገሩን ማለፍ ፈልገው ነበር። ዕቃ ነው፣ ያለፈውን መቆፈር ምን ይጠቅማል አሉ። ሰውየው እስካሁን ካርድ እያወጣ ነው አልኳቸው። በጽሑፍ አቅርቢው አሉኝ። በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁ።

ይድነቃቸው በሳምንቱ ወደ ሲቲው ተመለሰ። በስብሰባ ላይም ስህተቱ የኔ እንደነበር ራሴ ቆሜ ተናገርኩ። ያኔ ማንም አላጨበጨበም፤ ትክክልም ነው። የምስጋና ደብዳቤውን መልሺ የሚለኝ አልመጣም። ማስጠንቀቂያ ግን ተጻፈልኝ። ሁለቱም የግል ማኅደሬ ውስጥ ተከታትለው ታስረዋል፤ ያገናኛቸው ሰው ቢኖር ምን እንደሚያስብ አላውቅም።

ከይድነቃቸው ጋር ጓደኛ አልሆንንም። እንዲህ ያለ ነገር እንደዚያ አያልቅም። ሰላም ይለኛል። አንድ ነገር ሲዘገይበት ይደውላል፤ እኔም አየዋለሁ ካልኩት ያንኑ ሰዓት ወርጄ አየዋለሁ። ኬብል ደግሞ ከዚያ ወዲህ ራሴ ሠርቼ አልሰካም፤ ተሠርቶ የመጣውን ነው የምሰካው፤ ከሰካሁም በኋላ ቆጣሪውን ሳላይ ከክፍሉ አልወጣም።

ያልጨረስኩት አንድ ነገር አለ።

ጋሽ ኑሬ ከሁለት ወር በኋላ ለክትትል መጡ። ከዘራ ይዘው፣ በራሳቸው እግር እየሄዱ ነው የገቡት። ኮሪደር ላይ እትዬ ዘይነባ አዩኝና "ያቺ ልጅ ናት፣ ሮጣ ያተረፈችህ" አሏቸው። ከሱቃቸው ያመጡትን አንድ ፓኮ ቴምር እጄ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እጅሽን አይንሳን አሉ። እጅሽን ሲሉ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። ጋሽ ኑሬም አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

ይድነቃቸው የሲቲውን በር ይዞ እየጠበቃቸው ነበር። ጋሽ ኑሬ ለፎቶ ገብተው ሲወጡ፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ መጣ።

"ለእትዬ ዘይነባ አልነገርሻቸውም" አለኝ።

"ምን ብዬ?"

"ለኔ እንደነገርሽኝ።"

ያዝናሉ አልኩት። ሊያዝኑ ይችላሉ አለኝ፣ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

ከዚያ በኋላም አንዴ መጥተዋል። ያን ቀንም ተመርቄ ነው የተለየኋቸው። በሚቀጥለው ወር ሌላ ቀጠሮ አላቸው። በዚያ ቀን በር ላይ አስቁሜያቸው ምን እየጠበቁ እንደነበር፣ ለምን እንደዘገየም ልነግራቸው ወስኛለሁ። ምናልባት ከዚያ በኋላ አይመርቁኝም። አሁን ያለኝ ምርቃት ግን ይድነቃቸው ሊወስደው የሚገባ አደራ ይመስለኛል፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ቀን እየቆጠርኩ ነው።